የቴስላ ኮይል ሁለተኛ ጥቅል በቶርኖ ላይ እንዴት ይጠመጠማል?

የቴስላ ኮይል በሁለት የሽቦ ጥቅሎች እጅግ ከፍተኛ ቮልቴጅና ብልጭታ የሚፈጥር መሣሪያ ነው። ሁለተኛው ጥቅል ለዓይን ቀላል ነገር ነው፤ በፕላስቲክ ቱቦ ላይ ጎን ለጎን የተጠመጠመ፣ ወደ አንድ ሺህ ዙር የሚጠጋ ቀጭን የመዳብ ሽቦ። በእጅ መጠምጠም ይቻላል፣ ብዙዎችም እንዲያ ያደርጋሉ። ነገር ግን ለሰዓታት በአንድ እጅ ቱቦ እያዞሩ በሌላው ሽቦ መወጠር ትከሻ ያዝላል፤ ትኩረት ሲሰለች ደግሞ ሽቦው ይላላል፣ ወይም አንዱ ዙር ሌላው ላይ ይወጣል። ቶርኖ (ዕቃ አስሮ እያዞረ የሚቀርጽ ማሽን) ያለው ሰው መጠምጠሙን ብቻ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ይጨርሳል። ቀኑን የሚበላው ዝግጅቱ ነው፤ ጥቅሉ የሚበላሸውም አብዛኛውን ጊዜ በዝግጅቱ ጉድለት ነው።

አንድ ንብርብር ብቻ የሆነበት ምክንያት

በጥቅሉ ግርጌና አናት መካከል የሚፈጠረው ቮልቴጅ በዙሮቹ ላይ ይከፋፈላል። አናቱ 300 ሺህ ቮልት ቢደርስ፣ በ1000 ዙር ሲካፈል በአንድ ዙርና በጎረቤቱ መካከል የሚቀረው በአማካይ 300 ቮልት ነው። ክፍፍሉ ፍጹም እኩል ባይሆንም ይህን ያህሉን የሽቦው የኢናሜል ሽፋን በቀላሉ ይችለዋል። ሁለተኛ ንብርብር ወደ ኋላ እየተመለሰ ቢደረብበት ግን የመጨረሻው ዙር ከመጀመሪያው ዙር በላይ ያርፍና ሙሉው ቮልቴጅ በሁለት ስስ ኢናሜሎች ላይ ይወድቃል፤ በመጀመሪያው ብልጭታ ይበሳል።

ከዚህ የሚወጣው ሕግ ሥራውን ሁሉ ይገዛል። በዙሮች መካከል የሽቦ ውፍረት ያህል ክፍተት ቢፈጠር መልክ ያበላሻል እንጂ ኮይሉን አይገድለውም። አንድ ዙር ግን ተንሸራቶ አምስት ዙር ወደ ኋላ ቢያርፍ በዚያች ነጥብ ላይ 1500 ቮልት ይቆማል። ስለዚህ ክፍተት ሲታይ ዝም ብሎ መቀጠል ይቻላል፤ መደራረብ ሲታይ ግን ማሽኑን ማቆምና መፍታት ግድ ነው።

ስሌቱ

አንድ ምሳሌ ይዘን እንሂድ፦ የውጭ ዲያሜትሩ 110 ሚሊ ሜትር የሆነ ቱቦ፣ የመዳቡ ውፍረት 0.40 ሚሊ ሜትር የሆነ ሽቦ፣ 1000 ዙር።

ለጥቅሉ ርዝመት የሚያስፈልገው ከነኢናሜሉ ያለው ውፍረት ነው። ድርብ ሽፋን ያለው 0.40 ሽቦ ወደ 0.45 ሚሊ ሜትር ይደርሳል። በመለያው ላይ የተጻፈውን ከማመን ይልቅ፣ በአንድ ለስላሳ ዘንግ ላይ 20 ዙር አጠጋግቶ ጠምጥሞ ስፋቱን በካሊብሮ መለካትና ለ20 ማካፈል ይሻላል። አንዲት መቶኛ ሚሊ ሜትር ስህተት በ1000 ዙር 10 ሚሊ ሜትር ትሆናለች።

በ0.45 ሂሳብ ጥቅሉ 450 ሚሊ ሜትር ይረዝማል፤ ከዲያሜትሩ አራት እጥፍ ገደማ ማለት ነው። ለዚህ ዓይነት ኮይል ከሦስት እስከ አምስት እጥፍ ያለው ደህና ነው። በጣም ያጠረ ጥቅል ከአናቱ ወደ መጀመሪያው ጥቅል (ግርጌው ዙሪያ ተቀምጦ ኃይሉን ወደሚሰጠው) ብልጭታ ይጥላል። ቱቦው በሁለቱም ጫፍ 50 ሚሊ ሜትር ባዶ ቦታ እንዲኖረው 550 ሚሊ ሜትር ተደርጎ ይቆረጣል። የሽቦው ርዝመት 3.14 በ110.45 በ1000፣ ማለትም 347 ሜትር ነው፤ ክብደቱ ወደ 390 ግራም። 500 ግራም ያለው ሮል ይበቃል። 250 ግራም የሆኑ ሁለት ሮሎችን ገዝቶ መሐል ላይ መቀጠል ግን የማይረባ ቁጠባ ነው።

ዙሩ በትክክል 1000 መሆን አለበት ወይ? የለበትም። 980 ሆነ 1020፣ ልዩነቱ የመጀመሪያው ጥቅል ሲስተካከል ይዋጣል። ለቆጠራ ሲባል ልዩ መሣሪያ መሥራት የሚወድ ይሥራ፤ የጥቅሉን ርዝመት ለሽቦው ውፍረት ማካፈል ግን ለዚህ ሥራ በቂ ነው።

ቱቦው

ፒቪሲ የተለመደ ነው፤ አክሪሊክና ፖሊፕሮፒሊን ይበልጣሉ። ካርቶን ቱቦ እርጥበት ስለሚመጥ በደንብ ደርቆ ከውስጥም ከውጭም ቫርኒሽ ካልጠጣ አይታመንም። ጥቁር ቱቦ አትጠቀሙ፤ ጥቁረቱ ብዙ ጊዜ ከካርበን ዱቄት ስለሚመጣ በከፍተኛ ቮልቴጅ ኤሌክትሪክ ሊያሾልክ ይችላል።

በቱቦው ላይ የታተመው ጽሑፍ በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ተፍቆ ይነሳና ቱቦው በአልኮል ይጠረጋል። አሴቶን ፒቪሲን ያለሰልሰዋል፤ ይቅር። ከዚያ አንድ ስስ ቫርኒሽ ተቀብቶ ሙሉ በሙሉ ይደርቃል። ይህ የመጀመሪያ ቅብ በቱቦው ውስጥ የቀረውን እርጥበት ከሽቦው ይለያል፤ ለሽቦውም ጥቂት መያዣ ይሰጠዋል።

ሽቦውን ለማሰር ብሎ ቱቦውን መብሳት የብዙ ጀማሪዎች ልማድ ነው። በግርጌው በኩል ብዙ አይጎዳም። በአናቱ በኩል ያለ ቀዳዳ ግን ለብልጭታው ወደ ቱቦው ውስጥ መግቢያ በር ነው፤ ውስጥ ለውስጥ ወርዶ ግድግዳውን ያከስለዋል፣ የከሰለ ፕላስቲክ ደግሞ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። በዚሁ ምክንያት የአናቱን ሽቦ በቱቦው ውስጥ አሳልፎ ወደ ታች ማውረድ ፈጽሞ አይደረግም።

ቶርኖው ላይ ማሰር

ለሁለቱ የቱቦ ጫፎች ሁለት የእንጨት ክቦች ይላጣሉ፤ ቱቦው ውስጥ ጠበቅ ብለው የሚገቡ፣ ግን በእጅ የሚወጡ። በመሐላቸው ብሎን ያልፋል። በአንደኛው በኩል ቻኩ ብሎኑን ይጨብጣል፤ በሌላው በኩል ቴይልስቶኩ (የቶርኖው የጫፍ ደጋፊ) ላይ ያለው ተሽከርካሪ ሴንተር ይደግፋል። ግድግዳው ስስ ለሆነ ቱቦ መሐል ላይ ሦስተኛ ክብ ያስፈልጋል፤ ለምን እንደሆነ ውጥረቱ ላይ ስንደርስ ይታያል።

ማሽኑ ይበቃ እንደሆነ ሲታይ ሁለት ቁጥሮች ይፈለጋሉ። በሁለቱ ሴንተሮች መካከል ከ650 ሚሊ ሜትር ያላነሰ ርቀት አንዱ ነው። ሁለተኛውን ሰው ይረሳዋል፦ ቱቦው ማለፍ ያለበት ከማሽኑ አልጋ በላይ ብቻ ሳይሆን ከካሬጁ (መቁረጫውን ተሸክሞ በአልጋው ላይ ከሚንሸራተተው ክፍል) በላይም ነው፤ ትንንሽ ቶርኖዎች ላይ 110 ሚሊ ሜትር ቱቦ ካሬጁን ሊነካ ይችላል።

ቱቦውን በእጅ አዙሩት። ከ1 ሚሊ ሜትር በላይ የሚወላገድ ከሆነ ክቦቹን አስተካክሉ፤ ወልጋዳ ቱቦ በእያንዳንዱ ዙር ሽቦውን አንዴ እየሳበ አንዴ እያላላ ይሄዳል። የማሽኑን አልጋ በወረቀት ሸፍኑት። የብረት ፍቅፋቂ በጥቅሉ ውስጥ ከተቀበረ ኢናሜሉን ይጭራል፤ በእጅ የሚተላለፍ የማሽን ዘይት ደግሞ ቫርኒሹ እንዳይይዝ ያደርጋል።

ፍጥነትና እርምጃ

በደቂቃ 60 ዙር ጥሩ መነሻ ነው፤ 1000 ዙር በ17 ደቂቃ ያልቃል፣ ከሮሉ በየደቂቃው 21 ሜትር ያህል ሽቦ ይወጣል። ዝቅተኛው ፍጥነት ከ100 በላይ የሆነ ማሽን ላይ ሞተሩን ሳያስነሱ ቻኩን በእጅ መያዣ ማዞር ይሻላል። የእንጨት ቶርኖ ብዙ ጊዜ ዝቅተኛ ፍጥነቱ በመቶዎች ስለሚቆጠር ለዚህ በሞተሩ አይሆንም።

የብሎን ጥርስ ለማውጣት የሚያገለግለው ሊድ ስክሩ ካሬጁን በእያንዳንዱ ዙር በተወሰነ ርቀት ይገፋል። ለኛ ሽቦ 0.45 ሚሊ ሜትር ነው የሚፈለገው። ካምቢዮው ላይ ይህ ፒች (የአንድ ዙር እርምጃ) ከሌለ በማርሽ ይሠራል፤ የሊድ ስክሩው ፒች 3 ሚሊ ሜትር ከሆነ የሚያስፈልገው ጥምርታ 0.15 ነው። ባለ 30 ጥርስ ማርሽ ባለ 60ውን፣ ከሱ ጋር በአንድ ዘንግ ያለ ባለ 24 ደግሞ ባለ 80ውን ቢነዳ በትክክል ይመጣል። በኢንች የተሠራ ማሽን ላይ በኢንች 56 ጥርስ የሚለው 0.4536 ስለሚሰጥ ይጠቅማል።

ግን ፒቹ የቱንም ያህል ቢቀርብ ሽቦውን በቦታው የሚያስቀምጠው እሱ አይደለም። ሽቦው ቦታውን የሚያገኘው ከፊተኛው ዙር ጋር ተደግፎ ነው። ለዚህም የሽቦው መሪ (ከካሬጁ ጋር እየሄደ ሽቦውን ወደ ቱቦው የሚያደርሰው ቀዳዳ) ሽቦው ቱቦውን ከሚነካበት ነጥብ ትንሽ ወደ ኋላ፣ ቀድሞ ወደተጠመጠመው ወገን መቅረት አለበት፤ ከ1 እስከ 2 ዲግሪ የሚሆን ማዘንበል ይበቃል። መሪው ከቱቦው በ50 ሚሊ ሜትር ርቀት ላይ ቢሆን ይህ ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሜትር መዘግየት ማለት ነው። መሪው ቀድሞ ከሄደ ክፍተት ይፈጠራል፤ በጣም ከዘገየ ሽቦው ፊተኛው ዙር ላይ ይወጣል።

እንግዲህ ፒቹ ከሽቦው በ0.002 ሚሊ ሜትር ቢለይ እንኳ በጥቅሉ መጨረሻ ልዩነቱ 2 ሚሊ ሜትር ይሆናል፤ ያዘጋጀነውን መዘግየት ሙሉ በሙሉ ያጠፋል ወይም እጥፍ ያደርገዋል። መፍትሔው ቀላል ነው። የካሬጁን ላይኛ ተንሸራታች ከቱቦው ጋር ትይዩ አድርጎ ማሰርና በየመቶ ዙሩ መዘግየቱን አይቶ በትንሿ እጀታ መመለስ። ሊድ ስክሩው እንደተያያዘ ይቆያል፤ አይነካም።

የሚስማማ ማርሽ ያላገኘ ሰው ካሬጁን ትቶ ሮሉን ሁለት ሜትር ያህል ማራቅ ይችላል። በዚያ ርቀት 1 ዲግሪ ወደ 35 ሚሊ ሜትር ስለሚሆን ሽቦው ራሱን እየመራ ይሄዳል፤ ሮሉን በየ30 ሚሊ ሜትሩ ማንቀሳቀስ ብቻ ነው። ቀርፋፋ ይመስላል፣ ነገር ግን በደንብ ካልተስተካከለ ማርሽ የተሻለ ጥቅል ይሰጣል።

ውጥረት

ለ0.40 ሽቦ ከ2 እስከ 3 ኒውተን ይበቃል፤ በባለ ስፕሪንግ ሚዛን ከ200 እስከ 300 ግራም ማለት ነው። ለስላሳ መዳብ በዚህ ውፍረት ከ10 ኒውተን አካባቢ ጀምሮ በቋሚነት መርዘምና መቅጠን ይጀምራል፤ ከዚያ በፊትም ቢሆን ጠንካራ ውጥረት ቱቦውን ይጎዳል። በ2.5 ኒውተን የተጠመጠመ ይህ ጥቅል በቱቦው ላይ የሚያሳርፈው ግፊት 1 ባር ያህል ነው። ስስ ካርቶን በዚህ ግፊት መሐሉ ሊሰረጉድ ይችላል፤ መሐል ላይ የሚገባው ክብ ለዚህ ነው።

ውጥረቱን ለመስጠት ሽቦው በሁለት ወፍራም የሱፍ ጨርቆች መካከል ያልፋል፤ ጨርቆቹን ስፕሪንግ ያለው ብሎን ይጫናቸዋል። ከዚያ በቴፍሎን ወይም በሴራሚክ ቀዳዳ አልፎ ወደ ቱቦው ይሄዳል። በብረት ላይ የተበሳ ጥሬ ቀዳዳ ኢናሜሉን ይልጠዋል። ጨርቁ ላይ የመዳብ ቀለም ያለው ዱቄት ከታየ ኢናሜሉ እየተፋቀ ነው፤ ቁሙ።

ሮሉ እየተሽከረከረ ይልቀቅ እንጂ ሽቦው ከቆመ ሮል በጫፉ በኩል ተስቦ አይውጣ፤ በጫፉ የሚወጣ ሽቦ በየዙሩ አንድ ጊዜ ይጠመዘዛል፣ ሲላላ ቋጠሮ ይሠራል። የሚሽከረከር ሮል ደግሞ ማሽኑ ሲቆም በራሱ ግፊት መዞሩን ይቀጥላልና ትንሽ ፍሬን ያስፈልገዋል። ሮሉ ላይ ተጠግቶ የሚጋልብ የጨርቅ ቁራጭ ይበቃል።

የአየሩ ሙቀትም ይገባበታል። ፒቪሲ በሙቀት ከመዳብ ሦስትና አራት እጥፍ ያህል ይሰፋል። በሞቃት ቀን የተጠመጠመ ጥቅል ማታ ሲቀዘቅዝ ቱቦው ከሽቦው ሥር ይሸሽና ዙሮቹ ይላላሉ። በቀዝቃዛ ሰዓት ጠምጥሞ በዚያው ቀን ቫርኒሽ መቀባት ይህን ያስቀራል።

መጠምጠሙ

ቶርኖው በተለመደው አቅጣጫ ሲዞር የቱቦው የላይ ፊት ወደ ሠራተኛው ይመጣል። ስለዚህ ሮሉ ከማሽኑ ኋላ ይቀመጥ፤ መሪው ቱል ፖስቱ (የመቁረጫው ማሰሪያ) ላይ ከታሰረ ክንድ ከቱቦው በላይ ተሻግሮ ይንጠልጠል። ሽቦው ከላይ ሲገባ እያንዳንዱ ዙር በዓይን ይታያል። ማሽኑን በተቃራኒ ማዞር የሚፈልግ፣ ቻኩ በጥርስ ተጠምዝዞ የሚገባ ዓይነት ከሆነ ሊፈታበት እንደሚችል ይወቅ።

30 ሴንቲ ሜትር ጫፍ ትታችሁ ሽቦውን በናስትሮ እሰሩ። የመጀመሪያዎቹን አሥር ዙሮች ቻኩን በእጅ እያዞራችሁ በጥፍር አጠጋግታችሁ ደርድሩ፤ ተከታዮቹ ሁሉ የሚደገፉት በእነዚህ ላይ ነው። ከዚያ ሞተሩን በዝግታ አስነሱ። በድንገት የሚነሳ ማሽን ቀጭን ሽቦ ይበጥሳል። በየ50 ሚሊ ሜትሩ አቁሙና አንድ ትንሽ ናስትሮ ለጥፉ፤ ሽቦው ቢበጠስ የሚፈታው እስከዚያ ድረስ ብቻ ይሆናል። ናስትሮው ቫርኒሽ ከመቀባቱ በፊት ይነሳል።

ጓንት፣ ረጅም እጅጌ፣ ቀለበትና የተለቀቀ ጸጉር ከማሽኑ ይራቁ። ሽቦውን በጣት ላይ አትጠምጥሙ፤ ቶርኖ የጣትን መቋቋም አይሰማውም። ማቆሚያው እጅ በሚደርስበት ቦታ ይሁን።

ሽቦው ከተበጠሰስ? በግርጌው ሲሶ ላይ ከሆነ ይቀጠላል። ኢናሜሉ 10 ሚሊ ሜትር ያህል ይፋቃል፣ ሁለቱ ጫፎች ጎን ለጎን ተኝተው በጥቂት ስታኞ ይበየዳሉ፣ ሹል ጫፍ እስከማይቀር ድረስ ይለሰልሳል፣ ከዚያ ቫርኒሽ ይሸፍነዋል። በአናቱ ሲሶ ላይ ያለ ቅጥያ ግን ለብልጭታ መነሻ ይሆናል፤ እዚያ የተበጠሰ ሽቦ ተፈትቶ እንደገና ቢጠመጠም ይሻላል።

ቫርኒሽ

ጥቅሉ ሳይወርድ፣ ቶርኖው በዝግታ እየዞረ በዘይት መሠረት ያለው ፖሊዩሬቴን በስሱ ይቀባል። መዞሩ ቫርኒሹ ወደ አንድ ወገን እንዳይንጠባጠብ ይጠብቃል። አምስት ስድስት ስስ ቅብ ከሁለት ወፍራም ይበልጣል፤ ወፍራም ቅብ ላዩ ቀድሞ ይደርቅና ውስጡ አረፋና ጋዝ ያምቃል። ከሁለተኛው ቅብ በኋላ ሻካራው በደቃቅ ወረቀት ሊለሰልስ ይችላል፤ ከዚያ በፊት መፋቅ ግን ኢናሜሉን መፋቅ ነው። የቫርኒሹ ትነት ይቀጣጠላል፣ የቶርኖ ሞተርና ማብሪያ ደግሞ ሊያቃጥለው የሚችል ብልጭታ አላቸው፤ በርና መስኮት ይከፈት። የተቀባው ጥቅል ወደ ቮልቴጅ ከመግባቱ በፊት ለጥቂት ቀናት ይደር። ክቦቹም ብሎኖቹም ከውስጡ ይውጡ፤ ብረት በኮይል ውስጥ አይተውም።

መፈተሽ

መልቲሜትር በሁለቱ ጫፎች መካከል ወደ 48 ኦም ማሳየት አለበት። ይህ ሽቦው አለመበጠሱን ይነግራል፤ የተገናኙ ዙሮችን ግን አያሳይም። የአንድ ዙር ሬዚስታንስ 0.048 ኦም ብቻ ሲሆን፣ የአንድ ዲግሪ ሙቀት ለውጥ ብቻውን 0.19 ኦም ይለውጣል።

የተገናኘ ዙር የሚገኘው በሬዞናንስ ነው፤ ማለትም ጥቅሉ በራሱ ፍሪኩዌንሲ ሲነዳ ምላሹ በሚያይልበት ነጥብ። ጥቅሉን ከብረት ሁሉ አርቃችሁ፣ ከቶርኖውም ጭምር፣ በእንጨት ወይም በፕላስቲክ ላይ አቁሙት። ግርጌውን ከሲግናል ጀነሬተር ጋር አገናኙ፤ የኦሲሎስኮፑን ፕሮብ ሳያስነኩ ግማሽ ሜትር ያህል ራቅ አድርጉት። ማስነካት አይሆንም፤ ጥቅሉ ያለው የራሱ ካፓሲታንስ 8 ፒኮ ፋራድ ገደማ ሲሆን ፕሮቡ ብቻውን ከዚያ በላይ ሊጨምር ይችላል። የዚህ ጥቅል ኢንዳክታንስ 24 ሚሊ ሄንሪ ስለሆነ ፍሪኩዌንሲው ወደ 360 ኪሎ ኸርዝ ሲቃረብ ሹል ከፍታ መታየት አለበት። ከፍታው ደብዛዛና ሰፊ ከሆነ የተገናኘ ዙር፣ ያልደረቀ ቫርኒሽ ወይም በአቅራቢያ ያለ ብረት ይጠርጠር፤ ብረቱን ማራቅ ቀላሉ ስለሆነ ከእሱ ይጀመር።

ይህ ፈተና በጥቂት ቮልት ስለሚደረግ አያሰጋም። የሚገድለው ኋላ የሚመጣው መጋቢ ትራንስፎርመርና ካፓሲተሩ ነው፤ ካፓሲተር ኃይል ከተቋረጠ በኋላም ቻርጁን ይዞ ይቆያል። የጥቅሉ ግርጌም ከቤቱ መስመር ኤርዝ ጋር ሳይሆን ለብቻው መሬት ውስጥ ከተተከለ ዘንግ ጋር ይታሰራል።

አናቱ ላይ 15 ፒኮ ፋራድ ያህል የሚጨምር ቶሮይድ (የቀለበት ቅርጽ ያለው የብረት አናት) ሲቀመጥ ከፍታው ወደ 215 ኪሎ ኸርዝ ይወርዳል። የመጀመሪያው ጥቅል የሚስተካከለው በዚህ ቁጥር ነው፤ ስለዚህ ልኬቱ ቶሮይዱ ከተቀመጠ በኋላ ይደገማል።